የግራዝማች ተሰማ ኮርቻ

ግድግዳው ላይ ዕቃ የሰቀለ ሰው ቤት ስገባ «ይህ የማን ነው?» ብዬ አልጠይቅም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን አትወደውም። ሰውየው የአባቱን ጎራዴ ሰቅሎ፣ ጠይቁኝ ጠይቁኝ እያለው ዐይን ዐይንህን ሲያይህ አንተ ስለ ዝናብ ታወራለህ ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እሷ ያኔ እስቴ አልነበረችም። እኔ እስቴ ላይ አንድ ጊዜ «ይህ የማን ነው?» ብዬ ጠይቄ፣ የተነገረኝን በወረቀት ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼበት፣ በዚያ ሰበብ ሰው ሊያልቅ ነበር። ጊዜ ካለህ ላጫውትህ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። እዚያው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። አስተማሪ ማለት ያኔ ክፍል ውስጥ የሚቀር ሰው አይደለም። ደብዳቤ ያነባል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ያነከሰች በቅሎ ሳይቀር ያያል። በቅሎ ማየት የት ተማርክ አትበለኝ፤ እኔም አላውቅም። ብቻ ያመጡልኛል፣ እግሯን አነሳለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እነሱም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን የወረዳው ገዥ ፊታውራሪ አስጠሩኝ። ከበላይ ደብዳቤ መጥቷል። ቤተ መዘክር አቋቁሙ ይላል፤ የቆየ ዕቃ ተሰብስቦ ሕዝብ የሚያየው ቤት። እስከዚህ ደህና ነው። ደብዳቤው ግን ይቀጥላል። ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ሕዝቡ ይጠየቅ ይላል። ማን ይመጣል? ከየት ይመጣል? ምን ማየት ይሻል? ቤቱ በሕዝቡ ልክ ይሰናዳ። ፊታውራሪ ይህን ቦታ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ሕዝብ ምን ማየት እንደሚሻ ተጠይቆ ሰምተው አያውቁም። በመጨረሻ ያው አንተው ጠይቃቸው አሉኝ። ከሁለት ወር በኋላ ከጎንደር አንድ ደጃዝማች ለጉብኝት ይመጣሉ፣ እስከዚያ ይድረስ አሉ። ባይደርስ ምን እንደምሆን አልነገሩኝም። አለመናገራቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ትልቁ ስሕተቴ ደብተሩ ነው ብዬ ያኔ አስቤ ነበር፤ ትልቁስ ገና ነበር። ደብተር ይዞ «ስንት ናችሁ? ቤታችሁ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ሰው እስቴ ውስጥ መልካም ወሬ ይዞ መጥቶ አያውቅም። መንደር ስገባ መንደሩ ይጠፋል። እሳት እየጨሰ፣ ዶሮ እየጮኸ፣ ሰው የለም። አንዱ ብቻ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እዚህ ቤት ሰው የለም አለኝ። አንተስ ብለው፣ እኔም ልሄድ ነው አለ።

ከዚያ ወዲያ ደብተሩን ቤት ትቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መዋል ጀመርኩ። ያለ ደብተር ሰው ሆንኩ። የጨውና የአቡጄዲ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ከሱቃቸው ደጅ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ። ቤቱን ከገበያው ራስ አድርገው አሉኝ፤ ሰው ዕቃ ለማየት ብሎ ዳገት አይወጣም፣ አህያ ማሰሪያም ትከል፣ አህያው ደጅ እየጠፋበት ውስጥ ቆሞ ጋሻ የሚያይ የለም። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ደግሞ በሩ ሰፊ ይሁን አሉ፣ እንስራ እንዳዘልን እንድንገባ። ሽማግሌዎቹ መቀመጫ አሉ። አንድ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር እንዳታሳየኝ፣ ገበያ የምመጣው ከእሱ ሸሽቼ ነው አለኝ። መሪጌታው ብራና አንሰጥም፣ ግን ጥላ ካለው መጥተን እንቀመጣለን አሉ።

እውነት ልንገርህ፣ እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ሰው የሚፈልገውን ሲነግርህ ደስ ይላል። ሁሉንም አደረግሁት። ገበያው ራስ ላይ የነበረውን አሮጌ የእህል መጋዘን አስጠረግሁ። በሩን አሰፋሁ። የአህያ ማሰሪያ ግንድ አስተከልኩ። ግድግዳውን ይዞ የሚዞር መደብ አሠራሁ። ደጁ ላይ የዳስ ጥላ አወጣሁ። ሰዉ እየመጣ ያያል፣ ያመሰግናል፣ መደቡ ላይ ያርፋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃ።

ማንም ምንም አላመጣም። ለምንስ ያምጣ? የአባትህን ዋንጫ አምጥተህ ባዕድ ቤት ስቀል ብትባል አንተ ታመጣለህ? አንድ ወር አለፈ። ፊታውራሪ በየሁለት ቀኑ ብቅ እያሉ ባዶውን ቤት አይተው፣ እኔን አይተው ይሄዳሉ። እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሜ አወጅኩ። ዕቃ ያመጣ ሰው የአባቱ የአያቱ ስም ከዕቃው ሥር በወረቀት ይጻፍለታል፣ የወረዳው ማኅተምም ይመታበታል አልኩ።

ገበያተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ያልገባቸው መስሎኝ እንደገና ነገርኳቸው። ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ስደርስ ሰልፉ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዞሯል።

ወዳጄ፣ እኔ የላይ ጋይንት ሰው ነኝ፤ ንፋስ መውጫ ነው ያደግሁት። ርስት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብዬ ላታልልህ አልችልም። በእኛ አገር መሬት በአያት ነው የሚገኘው። የማን ልጅ ነህ፣ አያትህ ማን ወለደ፣ በወንድ ነው በሴት ነው፣ ይህን ቆጥረህ ነው ዳኛ ፊት የምትቆመው። የሚመሰክሩልህ ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌ ደግሞ ይረሳል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። እኔ እንግዲህ ለዚያ አገር የማይሞት ምስክር ይዤ መጣሁ። ከእነ ማኅተሙ። ሰዉ ያየው እሱን ነው። እኔ ግን ያየሁት የሞላ ቤት ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጬ ስመለስ ልቤም ተምሮ የአገሩን ነገር ረስቶ መሆን አለበት።

ጋሻ መጣ፣ ጦር መጣ፣ የቀንድ ዋንጫ መጣ፣ ነጋሪት መጣ። እያንዳንዱ ዕቃ ከእነ ትውልዱ ነው የሚመጣው። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የፊታውራሪ ጸሐፊ ማኅተም ይመታል። አንዱ ለአንዲት የተሰበረች ማንኪያ ሰባት ትውልድ አስጻፈኝ። ምን ያለ ታሪክ ወዳድ ሕዝብ ነው እያልኩ እገረም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባላምባራስ አምባው መጡ። የከተማው ትልቅ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። ከበቅሏቸው ላይ ኮርቻውን ራሳቸው ፈትተው ተሸክመው ገቡ። የሚያምር ኮርቻ ነበር፤ ቀዩ ቆዳ ጠቁሯል፣ የናስ እርካቡ ግን ያበራል። ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። «ይህ የግራዝማች ተሰማ ኮርቻ ነው። ግራዝማች ተሰማ አንድ ልጅ ብቻ ወለዱ። እርሱም የባላምባራስ አምባው አባት ነው።» አንድ ልጅ ብቻ የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ማኅተሙ ተመታ። ኮርቻውን መሐል ቤት እንጨት ላይ ጫንኩት። ባላምባራስ በባዶ በቅሎ ሄዱ።

በሳምንቱ አንዲት ሴት መጡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥቁር የለበሱ፣ እግራቸው አቧራ ብቻ። እመት ዘርፌ ይባላሉ። ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘው ነው የመጡት። ማንበብ ስለማይችሉ ያችን የኮርቻዋን ወረቀት አንብብልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«መምህር፣ እናቴን እኮ ገደልካት» አሉኝ።

ደነገጥኩ። እናታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመታቸው ነው። ግራዝማች ተሰማ ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱ የባላምባራስ አባት፣ አንዷ የእመት ዘርፌ እናት። ጥድ አፋፍ የምትባለዋን የገብስ ማሳ እመት ዘርፌ የያዙት በእናታቸው በኩል ነው። ባላምባራስ የእሷ እናት የሥጋ ልጅ አይደለችም፣ በዚያ ቤት ሴት ልጅ ኖራም አታውቅም ብለው ከሰዋቸዋል። ነገሩ ሰኞ ፊታውራሪ ችሎት ይቀርባል። የእመት ዘርፌ ምስክሮች ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁለቱ በዚህ ዓመት ሞተዋል፣ ሦስተኛው ጆሮው አይሰማም። ባላምባራስ ደግሞ አሁን ወረቀት አላቸው። የጻፈላቸው ማን ነው? እኔ።

ሰው ሲሞት ይቀበራል፣ ተዝካር ይወጣለታል አሉኝ። አንተ ግን ከነጭራሹ አልተወለደችም አልክብኝ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ጥድ አፋፍ ከሄደች ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው የሚያርሱት የላቸውም። እሳቸውስ ትቅር ቢሉ ልጆቹ አይተዉም። ምንሽር ጠመንጃቸውን ወልውለው ተቀምጠዋል፣ እኔ ነኝ ነገ ዛሬ እያልኩ የያዝኳቸው አሉ። የባላምባራስም ወንድሞች ያው ናቸው። በእኛ አገር በመሬት የተጀመረ ደም በአንድ ሰው አያበቃም። ይህን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ወደ ፊታውራሪ ሮጥኩ። ወረቀቷን እናንሳት አልኳቸው። የነገሩኝን ሳላረጋግጥ ነው የጻፍኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ፊታውራሪ ቀና ብለው አዩኝ። ማኅተሜን ውሸታም ልታደርገው ነው ወይ አሉ። ዛሬ አንዷን ብናነሳ ነገ ሁሉም የባላጋራውን አንሱልኝ ይላል። ደጃዝማች ቅዳሜ ይገባሉ። ቤቱ ሙሉ ሆኖ ይጠብቃቸው። ሰኞ ደግሞ ችሎት ስቀመጥ ያለውን ማስረጃ አያለሁ አሉ። ያለው ማስረጃ የቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ሌባ መሆን ነበረብኝ። ዓርብ ከሰዓት ወረቀቷን ቀድጄ ልጥላት መጋዘኑ ሄድኩ። በሩ ላይ የባላምባራስ ታናሽ ወንድም ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ምን ትሠራለህ አልኩት። ልጎበኝ ነው የመጣሁት አለ። ገና ያልተከፈተ ቤት የመጀመሪያ ጎብኚውን አገኘ። ሳልገባ ልመለስ ስል ባላምባራስ ራሳቸው ከጥላው ሥር ተነሱ። ወረቀቷ ደህና ናት ወይ አሉኝ። ደህና ናት አልኩ።

«እሷ ደህና እስከሆነች አንተም ደህና ነህ» አሉ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረጉኝ።

ያን ዕለት እራት አልበላሁም። ራሴን ጠላሁት። አንድ ማሳ፣ ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ቤተሰብ፣ ሁሉም በእኔ ብዕር ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ እኔ ደግሞ ለጽሑፌ ማማር ቀይ ቀለም ተጠቅሜ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ሴቶች ወለሉን ውኃ ሊረጩ እንስራ አዝለው ገቡ። ለዚያ ሲባል አይደል በሩን ያሰፋሁት። የባላምባራስ ወንድም ሴት ለምን ይቆጥራል? አምስት ገቡ፣ አራት ወጡ። እኔ ስደርስ እመት ዘርፌ መሐል ቤት ከኮርቻው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የነጠላቸውን ጫፍ ከናሱ እርካብ ጋር ጠበቅ አድርገው ቋጥረውታል።

ይህን ማስረዳት አለብኝ፤ አንተ የከተማ ሰው ነህ። በእኛ አገር ከሳሽ የተከሳሹን ነጠላ ከራሱ ነጠላ ጋር ይቋጥራል። ቁራኛ ይባላል። የሚቋጠረው በንጉሥ ስም ነው። ሁለቱ እንደተቆራኙ ዳኛ ፊት ይሄዳሉ፣ ዳኛ ካልሆነ በቀር ማንም አይፈታውም። መፍታት ንጉሥን መድፈር ነው። በከተማው እየቀረ ነበር፤ ገጠር ግን ማንም አልሳቀበትም። ሰው ከሰው ጋር ነው እንጂ ሰው ከኮርቻ ጋር ሲቆራኝ ግን እኔ አይቼ አላውቅም። ምን እያደረጉ ነው አልኳቸው።

አምባውን ባስረው ጉልበት አለው፣ በጥሶ ይሄዳል አሉ። የመሰከረብኝ ግን ኮርቻው ነው። ይኸው በንጉሥ አምላክ ብዬ ይዤዋለሁ። ዳኛ ፊት አብረን እንቀርባለን።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ባንዱ ወገን የእመት ዘርፌ ልጆችና የአክስት ልጆቻቸው፣ ባንዱ ወገን የባላምባራስ ወንድሞች ቆሙ። መካከላቸው እኔ የተከልኩት የአህያ ማሰሪያ ብቻ ነው ያለው። ሐጂ ኑሩ ሱቃቸውን ዘጉ። ቅዳሜ ሱቅ ሲዘጉ አይቼ አላውቅም። ገበያተኛው እህሉን እየሰበሰበ ዳር ዳሩን ያዘ። አንድ ሰው ቢያስነጥስ ሊተኮስ ይችላል ብዬ ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ አፍንጫዬን ያሳክከኛል።

ፊታውራሪ ደረሱ። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። የደጃዝማች አቧራ በደብረ ታቦር መንገድ ይታያል። ፍቷት አሉ። ነጭ ለባሾቹ፣ የወረዳው ታጣቂዎች፣ ተያዩ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እርስዎ ዳኛ ነዎት፣ እርስዎ ይፍቱት ያላቸው የለም፤ ቢፈቱት ግን ነገሩን ሰምተው ፈርደው መሆን አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ጊዜ የለም። ያ ሁሉ ሰው እያለ ዐይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ጸሐፊው ብዕር መቅረጫ ምላጩን አቀበለኝ። ቁረጠው አሉኝ።

ገባሁ። ተንበረከክሁ። ምላጩን ቋጠሮው ላይ አደረግሁ። በሩን ሞልተው የቆሙት የሁለቱም ወገን ሰዎች ናቸው። ከቆረጥኩ የእመት ዘርፌ ልጆች በእኔ ይጀምራሉ። ካልቆረጥኩ ሥራዬም እኔም አበቃን። እመት ዘርፌ ግን ረጋ ብለው ነው የሚያዩኝ።

«ቁረጠው ልጄ። መጀመሪያ ግን የአባትህን ስም ንገረኝ» አሉኝ፤ «ነገ ንጉሥ ፊት ስቆም ማን ቆረጠብሽ ቢሉኝ ባዶ አፌን እንዳልቀር።»

የብዙ ሰው አባት ስም ጽፌያለሁ፤ የእኔን አባት ስም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ምላጩን መልሼ አነሳሁ። ልክ ያኔ ከውጭ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

ደጃዝማች ወፍራም፣ ደስተኛ ሰው ነበሩ። ከበቅሏቸው ወርደው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ሰው መንገድ ለቀቀላቸውና ገቡ። ምላጭ ይዤ ተንበርክኬ አገኙኝ። ወደ እመት ዘርፌ አይተው ይህስ ምንድን ነው አሉ። ፊታውራሪ እኔን አዩኝ። እኔ ምን ነካኝ አልልህም፤ ፍርሃት ነው የነካኝ። ይህ የአገራችን የዳኝነት ሥርዓት ነው ጌታዬ፣ ቁራኛ ይባላል አልኩ። ደጃዝማች እጃቸውን አጨበጨቡ። ጋሻና ጦር በየቦታው አይቻለሁ፣ ሕይወት ያለው ሰው የሚታይበት ቤተ መዘክር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው አሉ። ፊታውራሪን አመሰገኑ። ፊታውራሪ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ደጃዝማች መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ በሉ እንግዲህ ቀጥሉ፣ ዳኛው እኔ ነኝ፣ ነገሩ ምንድን ነው አሉ።

እመት ዘርፌ ሌላ ግብዣ አልጠበቁም። ቁጭ እንዳሉ ነገራቸውን ጀመሩ። ደጃዝማች መጀመሪያ እየሳቁ ነበር። ጥቂት ቆይተው ሰው እንደማይስቅላቸው አስተዋሉ። በሩን አዩ። ምንሽሮቹን አዩ። የእኔን ምላጭ አዩ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። ባላምባራስ ተጠሩ። ባላምባራስ በእርጋታ ቆመው ተናገሩ፤ ወረቀቱን አስነበቡ፣ ማኅተሙን አሳዩ። በዚያ ቤት ሴት ልጅ አልነበረችም፣ ይህች ሴትም የማን እንደሆነች አላውቅም አሉ። ኮርቻውም ከአያቴ ጀምሮ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም አሉ።

ደጃዝማች ወደ እመት ዘርፌ ዞረው ምስክር አለሽ ወይ አሉ። ይኸው ይዤው ቀርቤያለሁ አሉ እመት ዘርፌ፣ ኮርቻውን በእጃቸው እየነኩ። እናቴ ልጅ ሳለች የኮርቻው የውስጥ ቆዳ ተቀደደ። ሰፊ እስኪመጣ አልታገሠችም፤ ከቀሚሷ ጠርዝ ሰማያዊ ጥለቱን ቀድዳ ጣፈችው። አያቴ መጀመሪያ ተቆጡ። በኋላ ግን ልጄ የጣፈችው ነው እያሉ አስፈትተውት አያውቁም። ገልብጡትና እዩ አሉ።

ባላምባራስ አልተንቀሳቀሱም። ደጃዝማች በአገጫቸው አመለከቱኝ። ኮርቻውን ገለበጥኩት። የሆዱን ቆዳ ከፍ አደረግሁት። አቧራ ወጣ፣ የበቅሎ ላብ ሸተተኝ። ከዚያ ወደ ኋላው ጥግ፣ ስፌቱ የተጣመመ፣ ልጅ እንደሰፋው የሚያስታውቅ፣ ጣት የምታህል ሰማያዊ ጥለት አየሁ። ይህን ኮርቻ ርዝመቱን ለክቻለሁ፣ ቀለሙን ጽፌያለሁ፣ እርካቡን ወልውያለሁ። ሥሩን ግን አላየሁም ነበር። ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደብቅህም።

ደጃዝማች ተነስተው መጡ። አጎንብሰው አዩት። ኮርቻው ላይ ስንት ዓመት ተቀምጠሃል ብለው ባላምባራስን ጠየቁ። ሃያ አሉ ባላምባራስ።

«ሃያ ዓመት ተቀምጠህበት አላየኸውም» አሉ ደጃዝማች።

ከደጅ የሆነ ሰው ሳቀ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ ሌላው ሳቀ። ምንሽር ይዞ መሳቅ አይመችም፤ አፈሙዞቹ ወደ መሬት ወረዱ። ደጃዝማች ያቺን ወረቀት ቅደዳት አሉኝ። ቀደድኳት። ሌላ ጻፍ አሉ፤ ግራዝማች ተሰማ ሁለት ልጆች ወለዱ፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ሴቲቱ ይህን ኮርቻ ጣፈችው። ጻፍኩ። ጸሐፊው ማኅተም መታ። ፊታውራሪ ችሎቱ ሰኞ ነው ሊሉ አፋቸውን ሲያሟሹ ደጃዝማች አዩዋቸው፤ ፊታውራሪም ተዉት። ባላምባራስም የአሁኑ ወረቀት አይጸናም ማለት አልቻሉም፤ ያው ቤት ነው፣ ያው ጸሐፊ፣ ያው ማኅተም።

ደጃዝማች ምሳቸውን ፊታውራሪ ቤት በልተው፣ የቤተ መዘክሩን አሠራር አመስግነው፣ ቀጥ ብለው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። አንድ ነገር ረሱ። ቋጠሮውን አልፈቱትም። እመት ዘርፌ እስከ ማታ ጠበቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውልቀው እርካቡ ላይ ትተውት፣ ከአንዷ ሴት ጋቢ ተውሰው ተነሱ። እስከ ወንዙ ሸኘኋቸው። ጥለቷን ነገር ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት አይመጣም ነበር አልኳቸው። ብነግርህ ኖሮ ትጽፈው ነበር አሉኝ።

በማግስቱ ሌላ ሰልፍ አገኘሁ። ሰዉ ሁሉ ዕቃውን ሊወስድ መጥቷል። ዕቃ ለባለቤቱ ብቻ የሚመሰክር መስሏቸው ነበር፤ ለባላጋራም እንደሚመሰክር አዩ። ማን ያውቃል የማን ጋሻ ጀርባ ምን እንዳለው። ሁሉም ዕቃውን እየገለበጠ፣ ሥሩን እያየ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደ። የማንኪያው ሰውዬ እንኳ ማንኪያዋን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየ። በሳምንቱ የቀረው ኮርቻው ብቻ ሆነ። እሱን ማን ይፈታዋል? ፊታውራሪ ይፈታ ወይስ አይፈታ ብለው ወደ ጎንደር ጻፉ። መልስ አልመጣም።

ከበላይ ግን ሌላ ደብዳቤ መጣ። የጎብኚውን ነገር ግለጹ ይላል። ምን ልጻፍ? ቤቱ ሕዝቡ እንዳለው ሆኖ ተሠርቷል፤ ዕቃው አንድ ነው፤ ዘወትር የሚመጣው ጎብኚም አንድ ነው። ባላምባራስ አምባው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። በቅሏቸው ጀርባ ላይ የታጠፈ ጆንያ ነው ያለው፤ ሌላ ኮርቻ መግዛት ያኛውን መተው ይመስልባቸዋል። በቅሏቸውን ያስራሉ፣ ይገባሉ፣ ከኮርቻው ፊት ለፊት መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቀትር እስኪሆን ያያሉ። ማንንም አያናግሩም። አንድ ቀን ግን አንጀቴ አላስችል አለኝና ጠጋ ብዬ ምነው ባላምባራስ፣ በየሳምንቱ እንዲህ መመላለስ አይከብድዎትም ወይ አልኳቸው።

«ሃያ ዓመት አላየኸውም አይደል ያሉኝ?» አሉ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ። «እያየሁት ነው።»